የወንድሜ ዒቃል

ደማስቆ፣ ሰፈር 20 ቀን 1394 ሂጅራ

ለወንድሜ ለደሃም፣ ለአቡ ሁወይዲ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። ይህን ሰላምታ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በመጀመሪያው ላይ «ውድ ወንድሜ» ብዬ ነበር፤ ስድስት ዓመት ያልጻፈ ሰው እንዲህ ሲል ለጆሮ አይጥምም። በሁለተኛው የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቅኩ፤ እሱም የሰው ደብዳቤ መሰለኝ። ስለዚህ «ማን ነገረህ?» ወደምትለኝ ጥያቄ በቀጥታ ልግባ።

አዎ፣ የነገረኝ ልጅህ ሁወይዲ ነው። አትቆጣው። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ጀምሮ ጁምዓ ጁምዓ እኛ ቤት ምሳ ይበላል፤ ስላንተ ስጠይቀው «ደህና ነው» ብቻ ይለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ነዚሃ የድሮ ፎቶግራፎች አውጥታ ስታሳየው፣ ያንተ ላይ ሲደርስ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አቀረበ። «ምነው ልጄ?» አለችው። «አባቴን በዒቃል ካየሁት ቆየሁ» አለ። ከዚያ በኋላ አፋጥጬ የቀረውን አስወጣሁት።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልጻፈው፤ እስከ ዛሬ በጽሑፍ አስፍሬው አላውቅም። አባታችን ሐጂ ሸላሽ በሞተ በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። ተቀብሮ ነበር። የሰማሁትም ከሰፈራችን ሹፌር አፍ ነው። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ስድሳ የሚያህል ሰው ተቀምጧል፤ አንተ ቆመህ የሰው እጅ ትጨብጣለህ። «ለምን አላስጠራኸኝም?» ብዬ ጮህኩብህ። መልስህን ሳልጠብቅ ዒቃልህን ከነኩፊያህ ከራስህ ላይ መንጭቄ ጫማ ወደተደረደረበት ወረወርኩት። በአሥራ ሁለት ዓመት ታላቄ ነህ። እጅህን አላነሳህብኝም። የራስ ጨርቁን ኩፊያውን አንስተህ ራስህን ሸፈንክ፤ የሚያስረውን ጥቁሩን ገመድ፣ ዒቃሉን ግን ከጫማው መሃል ተውከው። እኔ ያንኑ ቀን ተመለስኩ።

አርባው ሲወጣ መልሰህ የምታደርገው መስሎኝ ነበር። ይኸው ስድስት ዓመት ኩፊያህን ያለ ዒቃል እንደ ታማሚ ጠምጥመህ ትሄዳለህ አሉ። በእንግዳ ቤታችን ከምድጃው አጠገብ ያለውን የአባታችንን ቦታ ትተህ በሩ ጋ ትቀመጣለህ አሉ። ሰው ተጣልቶ ለዳኝነት ሲመጣ አትናገርም፤ ዒቃሉ የተጣለበት ሰው ቃሉ አይያዝምና። አባታችን ያሳደገህ ለዚያ ቦታ ነበር።

ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። በዳዩ የራሱን ዒቃል አውልቆ በተበዳዩ እግር ሥር ያስቀምጣል፤ ተበዳዩ አንስቶ መልሶ ራሱ ላይ ካደረገለት ነገሩ አለቀ። ከሚመጣው ጁምዓ በኋላ ባለው ጁምዓ እመጣለሁ። ዒቃል ሱቅ ሄጄ እገዛለሁ። ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ካለ ጻፍልኝ፤ ጉድለት እንዲኖርበት አልፈልግም።

ፈያድ


ሐዊጃ፣ ረቢዐል አወል 1

ለወንድሜ ለዶክተር ፈያድ፣ አላህ ይጠብቅህ፣

ወዐለይከ ሰላም። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ኡም ሁወይዲ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች። ልጄ ወድሃ ደህና ናት። ጎረቤታችን ሐጂ ሙጥለቅ ጉልበቱን ያመዋል፤ ምላሱን ግን አላመመውም፣ እሱም ሰላም ይልሃል። ዘንድሮ ኤፍራጥስ ሞልቶ ሁለት በጎች ወስዶብናል። ሁወይዲን አልቆጣውም፤ ሲመጣ ግን አነጋግረዋለሁ።

ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አለ ወይ ብለሃል። አለ። ጁምዓ መጥተህ የምታወልቀው ምንህን ነው? ሠላሳ ዓመት ባዶ ራስህን ነህ። ደማስቆ በሄድክ በዓመትህ ፀጉርህን በቅባት አስተኝተህ መጣህ፤ አባታችን «ዒቃልህስ?» ቢልህ «በአውቶቡሱ መስኮት ወረወርኩት፤ ግመል ማሰሪያ ነው» አልከው። ሰው ሳቀ። አባታችንም ሳቀ፤ ከዚያ ተነስቶ ወጣ።

ረቡዕ ገዝተህ ጁምዓ ብታወልቀው ዕቃ መመለስ ነው፤ እኔ ደግሞ ባለሱቅ አይደለሁም። ሰው የሚያስቀምጠው የራሱ የሆነውን ነው። ስታወልቀው ነፋሱ ራስህን ሲነካህ ማፈር አለብህ። አንተ ምኑን ታፍራለህ? ልማድህ ነው።

አንድ ዓመት አድርገው። እዚህ መጥተህ አይደለም፤ እዚያው፣ በስምህ በምትታወቅበት። ከዚያ ና። ካልፈለግክ አልቀየምም። በሩ ጋ ነፋሱ ጥሩ ነው።

ደሃም


ደማስቆ፣ ረቢዐ ሣኒ 3

ለአቡ ሁወይዲ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፣

ደብዳቤህን ሳነብ ተናደድኩ። ወረቀቱን ጨብጬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ከዚያ አንድም ስህተት ፈልጌ አጣሁበት፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ማድረግ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት አልፏል፤ ዓመቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ቁጠርልኝ።

ከየት ገዛኸው ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ እዚህ ሐሚዲያ ገበያ ሄድኩ። ባለሱቁ ራሴን፣ ከዚያ ክራባቴን አየና «ለቲያትር ነው ለፎቶግራፍ?» አለኝ። የሸጠልኝ ክር ነው፣ ላባ ያህል አይከብድም። ሁወይዲ አይቶ «አጎቴ፣ ይህን አድርገህ አባቴ ፊት ብትቀርብ ይስቃል» አለኝና ዴር ከተማ ካለው ዒቃል ሠሪ የፍየል ፀጉሩን አስመጣልኝ። ሲጠብቅ ያማል፣ ሲላላ ይወርዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን ሲፈልጠኝ ሰነበተ። በሽታው ምንድን ነው? አንተ ታውቀው እንደሆነ ንገረኝ።

ነዚሃ የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ስታየኝ «ማን ሞተ?» አለች። የመምሪያው ሹም «ዶክተር፣ ይህ ተቃውሞ ነው ወይስ ጉንፋን?» አለኝ። ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ ግመል ሥለው ከሥሩ «ማሰሪያዬን የወሰደ ይመልስ» ብለው ጽፈው ጠበቁኝ። ሦስቱን ለይቼ ከትምህርቱ አባረርኩ።

ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ምን እንደምል ማወቅ ትፈልግ ይሆናል። «የአባቶቼ ልብስ ነው» እላለሁ። እውነቱን ለማንም አልነገርኩም። ሰው እንዲያከብረኝ አድርጌ ነው የምናገረው።

ፈያድ


ሐዊጃ፣ ረቢዐ ሣኒ 17

ለወንድሜ ለፈያድ፣

ሰላምታችን ይድረስህ። ሁላችንም ደህና ነን። ውሃው ወርዷል።

ራስህን የሚፈልጥህ ስለጠበበ አይደለም፤ ሁወይዲ እንደነገረኝ ወደ ግንባርህ ስለምታዘነብለው ነው። ያ የጎረምሳ አደራረግ ነው። እዚህ እንደዚያ አድርጎ የመጣ ሰው ጠብ ፈልጎ ነው የመጣው ይባላል፤ አንተ ሐምሳ ሁለት ዓመትህ ነው። ከግንባርህ ሁለት ጣት ወደ ኋላ መልሰው። ከሥር ያለውን ነጭ ቆብ በየቀኑ ቀይር፤ ላብ የጠጣ ቆብ ኩፊያውን ያንሸራትተዋል፣ ከዚያ ሰው ፊት ስታስተካክል ትውላለህ። ሰው ፊት አይነካካም። ሥራ ላይ የኩፊያውን ጫፎች ወደ ኋላ ጣላቸው፤ ለቅሶ ቤት ስትገባ ወደ ፊት ልቀቃቸው። አናትህ ላይ አታጣጥፋቸው፣ እሱ የሹፌር ነው። አንገትህን ደግሞ ቀና አድርግ። አንተ ስትሄድ መሬት መሬት ነው የምታየው፣ ድሮም እንደዚያ ነህ፤ ዒቃል መሬት የሚያይ ሰው አይወድም።

ሦስቱን ልጆች መልሳቸው። ግመል መሣል ኃጢአት አይደለም። የሣሉትም ጥሩ ከሆነ አመስግናቸው።

በሁወይዲ በኩል በላክሃት ቁራጭ ወረቀት ያለ ዒቃል ምን ይሰማሃል ብለሃል። ቀላል ነው። የመጀመሪያው ዓመት በር ስገባ ልጨብጠው እጄ ወደ ላይ ይሄድ ነበር። አሁን አይሄድም።

ደሃም


ደማስቆ፣ ጁማደ ሣኒ 25

ወንድሜ አቡ ሁወይዲ፣ ሰላም ላንተ፣

ቁጣዬን በመጀመሪያ ልጨርስ። ወድሃን ድረሃል። ስለ በግ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ሙጥለቅ ጉልበት ስትጽፍልኝ ስለ ሠርጉ አንዲት ቃል አልነበረችም። ሁወይዲ አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ሳየው ጠየቅኩትና ሰማሁ። የቀረውንም ነገረኝ። የሙሽራው ሽማግሌዎች ሲመጡ እጅ ዘርግቶ «ሰጥተናችኋል» ያለው የአጎታችን ልጅ ሰጣም ነው። አንተ በሩ ጋ ተቀምጠህ ሰማህ። አንዲት ልጅ ናት ያለችህ። ያቺን ቃል ከአፍህ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ የቦይ ቁልቁለት አንድ ጣት ያሳሳተ ተማሪ አሳልፌ የማላውቀው እኔ።

በመጨረሻ የጻፍክልኝ ጥያቄ፣ እስከ ዛሬ አንድ ቀንም አላወለቅከውም ወይ የሚል ነበር። ከመኝታና ከመታጠብ ሌላ አንድ ቀን አውልቄያለሁ። ከውጭ አገር የመስኖ ባለሙያዎች መጥተው አብረን ፎቶግራፍ ልንነሳ ነበር። የመምሪያው ሹም «እንደ ፈለግክ» አለኝ፤ ያስገደደኝ የለም። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩትና ሁለት ሰዓት ያህል ያለሱ ዋልኩ። ፎቶው ላይ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። ልደብቅህ አስቤ ነበር።

ልጆቹን መልሻቸዋለሁ። ግመሉ በእውነት ጥሩ ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

አሁን የፈተና ሰሞን ነው። አባታችን የሞተው በዚህ ሰሞን ነበር። ስለዚያ ጊዜ የምነግርህ አንድ ነገር አለ።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን አራት መስመሮች ሰርዣቸዋለሁ፤ ለማንበብ አትልፋ።

ፈያድ


ሐዊጃ፣ ረጀብ 14

ለወንድሜ ለፈያድ፣

ሁለት ሰዓት ከሆነ ዓመትህ ላይ ሁለት ሰዓት ጨምርበት። ሌላ ቅጣት የለብህም። ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል።

ስለ ወድሃ ለምን ደበቅከኝ ብለሃል። እንዳታዝን ብዬ ነው ብልህ ውሸት ነው። ብጽፍልህ ትመጣ ነበር፤ ከመጣህ ደግሞ ሰው ሙሽራዋን ትቶ እኔንና አንተን ሲያይ ይውላል። ቀኑ የሷ ነበር። ሰጣም ጥሩ አድርጎ ተናግሯል፣ ትንሽ አስረዘመው እንጂ። ወድሃ ስትወጣ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ኩፊያዬ ተንሸራተተ፣ መልሳ አስተካከለችልኝ።

የሰረዝከውን ኡም ሁወይዲ በመስኮቱ ብርሃን ይዛ ልታነብ ስትሞክር ነጠቅኳት። ሰው የሰረዘውን አላነብም። አሰራረዝህ ግን ወፍራም ነው፤ ወረቀቱን በስቶታል።

ደሃም


ደማስቆ፣ ረመዷን 9

ወንድሜ ሆይ፣ ሰላምና የአላህ እዝነት ባንተ ላይ ይሁን፣

አልታመምኩም። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው።

አባታችን በሞተበት ቀን ቴሌግራም ልከህልኛል። እንዲህ ይላል፤ «አባት አረፈ። ቀብሩን እስከ ነገ ዐስር ሰላት እናቆያለን። ድረስ። ደሃም።» በቃሌ ነው የጻፍኩልህ፤ ወረቀቱ ግን እጄ ላይ አለ። ያንኑ ቀን ዩኒቨርሲቲው ደርሷል። እኔ በር ዘግቼ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ለዘበኛው ለአቡ ሳሚር «ማንም እንዳይገባ፤ ሌላ ወረቀትም እንዳታመጣብኝ» ብዬዋለሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ያንን ካደረግኩ በኋላ ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን የታረመውን ክምር ሳነሳ ከሥሩ ወጣ፤ ሳይከፈት። አቡ ሳሚርን ጠርቼ ጮህኩበት። «ዶክተር፣ አምጥቼልዎት ነበር እኮ» አለኝ። «በሩ ላይ ቆሜ ቴሌግራም ነው ብልዎት ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉኝ፤ ከፈተናው ወረቀት ጋር አስቀምጬ ወጣሁ።» እንዲህ ሲል እጁን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አወዛወዘ። እጁ የኔን እጅ መሰለኝ።

በሬሳው ላይ በዚያ ሙቀት አንድ ቀን ሙሉ ጠብቀኸኛል። በረዶ ከዴር አስመጥተህ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ያንኑ ቀን መኪና መያዝ እችል ነበር። ነገ አልኩ። ከነገ ወዲያ አልኩ። ወር ሲሞላ አሁን ብናገር የዘገየሁበትን ምን እላለሁ አልኩ። ዓመት ሲሞላ ነገሩ የተረሳ መሰለኝ፤ የረሳሁት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ለነዚሃ እንኳ አልነገርኳትም። ሰዉ አንተን አባቱን ለወንድሙ ሳያሳይ የቀበረ እያለ ሲያማህ፣ እኔ ወረቀቱን መጽሐፍ ውስጥ ከትቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ዒቃሉን ላደርገው ይገባኛል ወይ? አሁን ሁሉንም ታውቃለህና አንተው ወስን።

ፈያድ


ሐዊጃ፣ ሙሐረም 20 ቀን 1395

ለፈያድ፣

ሦስት ጊዜ ጽፈህ ደብዳቤዬ ደረሰህ ወይ ብለሃል። ደርሶኛል። በዒድም መልስ ያልሰጠሁህ ታምሜ አይደለም።

ያንን ቀን ቴሌግራሙን ራሴ ዴር ሄጄ ነው የላክሁት። ድንኳን ውስጥ ስትጮህብኝ ደረሰኙ፣ ቀንና ሰዓት የተመታበት፣ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን ብሰድ አወጣው ነበር። የአባታችን ለቅሶ ነው፤ ሁለት ልጆቹ በቀብሩ ማግስት በወረቀት ሲካሰሱ ሰው እንዲያይ አልፈለግኩም። ደግሞም ፖስታ ቤቱን ጠረጠርኩ። ያልደረሰው ሰው ቢናደድ እውነት አለው አልኩ።

ከዚያ ጠበቅኩህ። ኋላ ደርሶት ከሆነ ይጽፋል፣ ካልጻፈ አልደረሰውም አልኩ። ዓመት አለፈ። ሁለት አለፈ። አልደረሰውም ማለት ነው ብዬ በልቤ ይቅር አልኩህ። የዒቃል ነገር ሰው ፊት እስኪያልቅ አያልቅም እንጂ፣ የልቡን ጨርሼ ነበር። በሩ ጋ ስቀመጥም «እሱም አላጠፋም፣ እኔም አላጠፋሁም» እያልኩ ነው የተቀመጥኩት።

አሁን በአሥራ አንደኛው ቀን ደርሶሃል። እጅህን ይቅር ብዬ ስጨርስ ሌላ አመጣህብኝ። አራት ወር ምን እንደምጽፍልህ አላወቅኩም። ዛሬም በደንብ አላወቅኩም።

ልምጣ ወይስ ልቅር ብለሃል። ና። ዓመትህ ሲሞላ፣ ከነሁለት ሰዓትህ። ሰዎቹን እጠራለሁ። ዒቃሉን ያስቀመጠ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ከዚያ በላይ ብትናገር ባትናገር የራስህ ጉዳይ ነው፤ እኔ አላስገድድህም፣ እኔም አልናገርብህም።

ደሃም


ደማስቆ፣ ረቢዐ ሣኒ 20

ወንድሜ አቡ ሁወይዲ፣

ምሳ ሳልበላ ለምን ሄድክ ብለሃል። በጉ እንደታረደ፣ ኡም ሁወይዲም እንደተቀየመች አውቃለሁ፤ ይቅርታዬን ንገርልኝ። መብላት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር። አውልቄ እግርህ ሥር ሳስቀምጠው አንተ እንዳልከው ነፋሱ ራሴን ነካኝ፤ ስድሳ ሰው ፊት ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ። አንስተህ መልሰህ አደረግክልኝ። ሰጣም ያንተን አምጥቶ ራስህ ላይ አደረገው። ሰዎቹ አለቀሱ። ቆም ብዬ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ አላህ ያውቃል።

ከዚያ ሐጂ ሙጥለቅ ትከሻዬን ይዞ፣ ሁሉ እየሰማ፣ «አላህ ያክብርህ፣ ዶክተር። አባቱን ሳያሳይህ የቀበረው እሱ፣ ዝቅ ያልከው አንተ። ታላቅነት በዕድሜ አይደለም ማለት ይኸው ነው» አለ። «ወላሂ፣ እውነት ነው» አሉ። አየሁህ። ሻይህን ታማስላለህ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። የቀረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «ቴሌግራሙን ልኮልኛል» የምትል። «አላህ ይስጥዎት፣ ሐጂ» አልኩ። ከዚያ መኪናዬ ጋ ሄድኩ። እስከ በሩ ድረስ እጄን እየሳሙ ሸኙኝ።

ስለዚህ ያደረግኩትን ልክ በልኩ ልጻፍልህ። ላንተ ክብር ልመልስ መጥቼ የራሴን ጨምሬ ተመለስኩ። በፊት ወንድሙ የሰደበው ሰው ነበርክ፤ አሁን በታናሹ ትልቅነት ይቅር የተባለ ጥፋተኛ ነህ። ሁወይዲ ነገረኝ፤ በማግስቱ ዒቃልህን አድርገህ እንደገና በሩ ጋ ተቀምጠሃል። ማንም ወደ ምድጃው ና አላለህም።

ከዚህ ጋር ሁለት ወረቀት አያይዣለሁ። አንዱ ቴሌግራሙ ነው። ሌላው ለሰዎቹ የጻፍኩት ነው፤ ሁሉንም፣ አሥራ አንዱን ቀንም ስድስቱን ዓመትም፣ አስፍሬበታለሁ። ጁምዓ ሁሉም ባሉበት አንብብላቸው።

ፈያድ


ሐዊጃ፣ ጁማደል አወል 2

ለወንድሜ ለፈያድ፣

ወረቀቶችህን መልሼልሃለሁ። የጻፍከውን አላነበብኩም።

እኔን ስትከስ ወረቀት አልላክህም፤ ራስህ ነው የመጣኸው፣ ድምፅህም እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር። አሁን ራስህን ስትከስ ለምን እኔ አነብልሃለሁ? ደግሞ እኔ ሳነበው ምን እንደሚሉ ታውቃለህ፤ «ደሃም ወንድሙን አስጽፎ ራሱን አጠራ» ነው የሚሉት።

መቼ ይመቻል ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ሁልጊዜ ጁምዓ ከሰላት በኋላ አሉ፤ የሚሄዱበት የላቸውም።

ደሃም


ሐዊጃ፣ ጁማደ ሣኒ 8

ለወንድሜ ለፈያድ፣

ወዐለይከ ሰላም። ኡም ሁወይዲ ደህና ናት። ያለፈው በግ እንዳለ ሆኖ የአሁኑንም ሳትበላ ሄደሃል ትልሃለች፤ በዚህ አያያዝህ መንጋውን ልትጨርስ ነው።

ቆሜ ሁሉንም በአፌ ተናግሬ ከወጣሁ በኋላ ምን አሉ ብለህ ጠይቀሃል።  የመኪናህ ድምፅ ሲጠፋ ሐጂ ሙጥለቅ «የአህያ ልጅ» አለህ። «አባቱ አባቴ ነው፣ ሐጂ» አልኩት። «አንተን አይጨምርም» አለኝ። ሰጣም ሊስቅ ፈልጎ ኩፊያውን አፉ ላይ አደረገ። ሌላ የተባለ ብዙ ነገር አለ፣ አልጽፍልህም። አንዱን ብቻ ልንገርህ፤ ከእንግዲህ ፈያድ ለወሰንም ለደምም ለምስክርነት አይጠራም ብለዋል። ልክ ናቸው። አልተከራከርኳቸውም።

እኔንም ጠየቁኝ። ደረሰኙ ኪስህ ሳለ ስድስት ዓመት ለምን ዝም አልክ አሉኝ። ለአባቴ ብዬ ነው አልኳቸው። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ እልህ ነው። ራስህ እስክትመጣ አልነሳም ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ የወድሃ ቀንም ያለፈኝ በዚያ ነው። አንድ ደረሰኝ አሳይቼ ልጄን በራሴ አፍ መዳር እችል ነበር። ይህን ለእነሱ አልነገርኳቸውም፣ ላንተ ነው የምነግርህ። ጥፋቱን ሁሉ ብቻህን ጭነህ አትሂድ፤ የኔ የሆነ አለበት።

ቅዳሜ ከላይኛው መንደር ሁለት ወንድማማቾች በቦይ ውሃ ተጣልተው መጡ። እንደ ልማዱ ሰው ሁሉ ወደ ሰጣም ዞረ። ሰጣም እኔን አየኝና ምንጣፉ ላይ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ሙጥለቅ «ተነስ እንጂ፣ ጉልበት የሚያመኝ እኔ ነኝ» አለኝ። ሄጄ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከመናገሬ በፊት ውሃ ስጡኝ አልኩ፣ ጠጣሁ፣ ከዚያ ተናገርኩ። ለማን እንደፈረድኩ አልነግርህም፤ ከደማስቆ ሆነህ ስሌቱን ልታርም ትችላለህ።

ዒቃሉን ልተወው ወይ ብለሃል። ራሱ ያንተ ነው፤ እኔን አትጠይቀኝ።

ለዒድ ልምጣ ወይ ብለሃል። ዘንድሮ አትምጣ። ሰዎቹ ገና እንደተቆጡ ናቸው፣ እኔም ገና ነኝ። በሚመጣው ዓመት ጻፍና ጠይቀኝ።

ወንድምህ ደሃም